ጥቆማ፦ ለኮምቦልቻ የአሉሚኒየም ሥራ ድርጅት የሚስማማ የደንበኛ መመዝገቢያ ሶፍትዌር

በኮምቦልቻ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩት፣ በደሴም ቧንቧ ውሃ አካባቢ ማሳያ ሱቅ ያላቸው ወንድማችን፣ ሦስት ሻጮች በየግል ስልካቸው የያዟቸውን ደንበኞች በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ ሶፍትዌር እንድንጠቁማቸው ጠይቀዋል። በሁለቱ ከተሞች ለአነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ ስለምሠራ ጉዳዩን በቅርብ አውቀዋለሁ። አንድ ሻጭ ሥራ ሲለቅ ልኬት የተወሰደላቸው፣ ፕሮፎርማ የተሰጣቸው፣ ቀብድ የከፈሉና ቀሪ ያለባቸው ሰዎች ስልክ ቁጥርና የቃል ስምምነት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ መዝገቡ በድርጅቱ እጅ መሆኑንና ኔትወርክ በሌለበት ቀን መነበብ መቻሉን ነው።

ሁለተኛውን ነጥብ የማጠብቀው በምክንያት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ መዝገቡ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚከፈት ነጋዴ የማን ቀሪ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከደረሰኝ ጥራዝ በቀር የሚያገላብጠው አልነበረውም።

በብዛት ከሚጠቀሱት አማራጮች መካከል ሀብስፖት በነጻ የሚጀመርና ገጽታው ያማረ ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመርጠውም። ይህ ፕሮግራም አንድን ደንበኛ ከሌላው የሚለየው በዋናነት በኢሜይል አድራሻው ሲሆን፣ ከባቲ ወይም ከከሚሴ መጥቶ ለቤቱ መስኮት የሚያሠራ ሰው የሚሰጥዎት ስልክ ቁጥሩን እንጂ ኢሜይሉን አይደለም። ኢሜይል በሌለበት ሁለት ሻጮች አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቢመዘግቡት ከልካይ የላቸውም፤ ከዚያም ለአንድ ቤት ሁለት የተለያየ ዋጋ ያለው ፕሮፎርማ ይወጣል።

ዞሆ የሚባለው ሌላው የደንበኛ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነጻ አማራጩ እስከ ሦስት ተጠቃሚ ድረስ ስለሚፈቅድ የሻጮችዎን ቁጥር በልኩ ይሸፍናል፤ የስልክ መተግበሪያውም ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ በኋላ ማስተላለፍ ይችላል። በኮምቦልቻና በደሴ ያሉት ሠራተኞች አንድ መዝገብ የሚያዩበት ቀላሉ መንገድ ይህ ይመስለኛል። የሚያሳስበኝ አራተኛ ሰው ሲጨመር የሚመጣው ክፍያ ነው። ክፍያው በየወሩ፣ በየተጠቃሚው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተተመነ የወር ክፍያ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም አይተነዋል። ከመክፈልዎ በፊት፣ የሚጠቀሙበት ባንክ ለውጭ አገር የኢንተርኔት ግብይት የሚሆን ካርድ እንደሚሰጥዎት ያረጋግጡ።

ኦዱ ከእነዚህ በዓይነቱ ይለያል። ኮሙኒቲ የሚባለው እትሙ ምንጭ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ክፍት፣ ፈቃዱም ያለ ክፍያ ስለሆነ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር በአንድ ራውተር አማካኝነት በሱቁ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይሠራል። ከደንበኛ መዝገብ ጋር የዋጋ ማቅረቢያን፣ የዕቃ ክምችትንና ደረሰኝን ስለሚያያይዝ፣ ልኬት ወስዶ፣ ፕሮፎርማ ሰጥቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ ለሚገጥም እንደ እርስዎ ላለ ድርጅት ከሁሉም የተሻለ አቅም አለው። ነገር ግን የሚጭነውና ሲበላሽ የሚያየው ባለሙያ ይፈልጋል፤ የደሴው ሱቅም ከኮምቦልቻው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሥራውን ለአዲስ አበባ ድርጅት መስጠት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቀን ግን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከሚርቅ ሰው ይልቅ በዚያው ቀን ሱቅዎ የሚደርስ ይሻላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በከተማችን የሶፍትዌርና የኮምፒውተር ተማሪዎችን ስለሚያስመርቅ፣ ባለሙያ ፍለጋውን ከዚያው እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ውሉ ላይ የኮምፒውተሩ ዋና የይለፍ ቃል በእርስዎ እጅ እንደሚሆንና ዳታው በሙሉ በጠየቁ ጊዜ ወደ ኤክሴል ወጥቶ እንደሚሰጥዎት ይጻፍ። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው በአማርኛ ልሥራልዎት የሚል ወጣት ባለሙያ ካገኙም በውሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ምንጭ ኮዱን የማያስረክብ ከሆነ ግን አይዋዋሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ በእኛ አካባቢ ሁሉንም የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ፤ ሻጮቹ የሚያስተዋውቁት ገጽ ላይ ስለማይነሱ በዝርዝር እገልጻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ስም ነው። በወሎ ሰይድ መሐመድ የሚባሉ ብዙ ደንበኞች ይኖሩዎታል፤ አንዱ ሻጭ «ሠይድ መሀመድ»፣ ሌላው «ሰይድ ሙሐመድ» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ስለሚያይ አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን አያመጣም። ስለዚህ የአያት ስም የግድ ይመዝገብ፤ ከሁሉ በላይ ግን ፍለጋ ሁሉ በስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ ዘጠኝ አሃዞች ይሁን። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ በ09፣ በ07 ወይም በ251 ቢጀምር ለውጥ አያመጣም። በኤክሴል የሚጀምሩ ከሆነ የስልክ ዓምዱን አስቀድመው ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን ዜሮ ይጥላታል።

ሌላው ቀን ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች እንደመጡ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ «ጥቅምት 10 ቀሪውን እከፍላለሁ» ያለን ደንበኛ ሻጩ ኦክቶበር 10 ብሎ ከመዘገበው ማስታወሻው አሥር ቀን ቀድሞ ይደውላል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 20 ነበር። ቃሉን የሚያከብር ደንበኛ ያለ ቀኑ ሲጠየቅ ይቀየማል፤ በአገራችን ደግሞ ዱቤና ቀሪ የሚሰጠው በመተማመን ነው። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ሳጥን እንዲሠራልዎት ያድርጉ፤ በኦዱ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ አይደለም።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ቢዝነስ የተሠሩ መስኮቶችን ፎቶ ለማሳየት ይጠቅማሉ፤ ለመዝገብነት ግን አይበቁም። በተለይ በሻጩ የግል ቁጥር የተከፈቱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ችግር እንዳለ ይተውታል። የድርጅቱን ሲም ካርድ በድርጅቱ ስም አውጥተው፣ አካውንቶቹን በዚያ ይክፈቱ።

የሰዎችን ስልክና የዕዳ መጠን ስለሚይዙ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከትዎትም ይወቁ። በቀላሉ ሊደረግ የሚችለው፣ ደንበኛው ለምን እንደሚመዘገብ መንገር፣ የማስታወቂያ መልእክት ከመላክ በፊት ፈቃዱን መጠየቅና የዕዳ ዝርዝሩን ሁሉም ሠራተኛ እንዳያየው መከልከል ነው።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ሦስቱም ሻጮች የደንበኛውን ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ከተማ፣ የተሰጠውን ዋጋ፣ ቀብዱን፣ ቀሪውንና ቀጣይ የሚደወልበትን ቀን በአንድ የኤክሴል ቅጽ ብቻ ይመዝግቡ። ይህን በየቀኑ መሙላት ካልለመዱ የትኛውም ሶፍትዌር ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከለመዱ በኋላ፣ በቅርብ የሚያገኙት ታማኝ ባለሙያ ካለ ወደ ኦዱ፣ ከሌለ ወደ ዞሆ ነጻ አማራጭ ይሻገሩ፤ ኤክሴሉ ወደ ሁለቱም ይገባል። በማንኛቸውም ቢሆን ቅዳሜ ሥራ ሲዘጋ ሙሉ ዳታው በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ፣ ሌላው ወደ ደሴው ሱቅ ይላክ።