ክርክር፦ የክርስቲያን ጎቲክ ሜታል ባንድ በዘፈኖቹ መካከል መስበክ ይገባዋልን?

አወያይ፦
ውድ አባላት፣ ስለ ክርስቲያን ጎቲክ ሜታል ባንዶች፣ ማለትም በከባድ ጊታርና በጨለማ ቃና እምነታቸውን ስለሚዘምሩ ባንዶች፣ የመድረክ ዝግጅት ስንወያይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ በመነሣቱ ለብቻው እንዲታይ ወስነናል። ከፊሎቻችን «ያላመነ ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ ወንጌልን ሳይሰማ ከወጣ ባንዱ ክርስቲያን መባሉ ለምን ይጠቅማል?» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «የመጣነው ሙዚቃ ለመስማት ነው፤ በየመካከሉ የሚገባው ስብከት ዝግጅቱን ያፈርሰዋል» እንላለን። ሜታል ሰይጣናዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ በፊት በሰፊው ስለ ተካሄደ እዚህ እንዳይደገም እንለምናለን።

ጥቁር መጋረጃ፦
መስበክ አይገባውም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከሙዚቃው ጠባይ የሚነሣ ነው። ፓራዳይዝ ሎስት የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 «ጎቲክ» የተሰኘውን አልበሙን ሲያወጣ፣ ዘገምተኛውንና ከባዱን ጊታር፣ የወንዱን ጉርምርምታ፣ የሴቷን ጥርት ያለ ድምፅና የኦርኬስትራ ቃና በአንድነት አዋሕዶ ለዘርፉ ስምም መልክም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሙዚቃ ሐዘንን በጥድፊያ የሚናገር ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚገነባ ሆኖ ኖሯል። ክርስቲያኖቹም ይህን አልለወጡም። የአውስትራሊያው ፓራሜሲየም በ1993 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም የሚከፈተው ከ15 ደቂቃ በላይ በሚረዝም ዘፈን ነው፤ ጉዳዩም የክርስቶስ ልደትና በሄሮድስ ትእዛዝ የታረዱት ሕፃናት ናቸው። እንዲህ ያለ ዘፈን በመድረክ ላይ ሲያበቃ የመጨረሻው የጊታር ድምፅ እየሳሳ ሄዶ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ የዘፈኑ ክፍል ነው። በዚያች ቅጽበት ድምፃዊው ማይክሮፎኑን ይዞ «ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ልንገራችሁ» ብሎ ሲጀምር፣ የተገነባው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናዳል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይህን ያውቃል። በአንዳንዱ እትም 87ኛ፣ በሌላው 88ኛ ተብሎ የተቆጠረው መዝሙር በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ ነው፤ ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ መጨረሻቸው ወደ ምስጋና ሲዞሩ እርሱ አይዞርም። ዳዊትን የሚደግም ሰው በእርሱ ላይ ማብራሪያ አልጨመረበትም፤ ከነሐዘኑ ደገመው እንጂ።

ባለዕዳ፦
ወንድሜ ጥቁር መጋረጃ፣ የጠቀሱት መዝሙር የሚደገመው ግን በ150 መዝሙራት መካከል ነው። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ምስጋናውን ያገኘዋል። የባንዱ ታዳሚ ግን የሚገልጠው ሌላ ገጽ የለውም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞትን፣ መቃብርንና ሰቆቃን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቃሉን መስማት መቻሉም ያጠራጥራል። በጉርምርምታ የሚዘመረውን ግጥም፣ ለዘርፉ ጆሮ ያለን እኛ እንኳ ከአልበሙ ወረቀት ካላነበብነው የምንለየው ከስንት አንዱን ነው። እንግዲህ ወንጌሉ በግጥሙ ውስጥ አለ ማለት፣ ደብዳቤን በማይነበብ ጽሕፈት ጽፎ «ልኬያለሁ» እንደ ማለት አይደለምን?

የጎቲክ ባንድ ባይሆንም፣ ስትራይፐር የተባለው የአሜሪካ ክርስቲያን ሜታል ባንድ በ1980ዎቹ ከመድረክ ላይ አዲስ ኪዳን ወደ ሕዝቡ ይወረውር ነበር። ብዙዎች ሣቁበት፣ ቢጫና ጥቁር ልብሱንም ተሣለቁበት፤ ነገር ግን ማን እንደ ሆነ ያልገባው ታዳሚ አልነበረም። ግልጽነት ሲጠፋ የሚሆነውን በ2003 በአሜሪካው ሮክ ባንድ በኢቫነሰንስ አይተናል። «ፎለን» የተሰኘው አልበም በመጋቢት ወጥቶ በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ጭምር ይሸጥ ጀመር፤ ወር ያህል እንደ ቆየ የባንዱ አባላት በመጽሔት ቃለ ምልልስ የክርስቲያን ባንድ መባልን አጥብቀው ስለ ተቃወሙ አሳታሚው ኩባንያ ራሱ አልበሙ ከእነዚያ መደብሮች እንዲነሣ ጠየቀ። ገዝቶ የነበረው ወጣት ምን ይበል?

ጥቁር መጋረጃ፦
የኢቫነሰንስ ነገር ለእርስዎ ምስክር የሚሆን አይመስለኝም። በዚያ የተሳሳተው ዕቃው የተቀመጠበት መደርደሪያ ነው፤ ዘፈኖቹ በመጋቢትም በሚያዝያም እነዚያው ነበሩ። በዘፈኖቹ መካከል ቢሰብኩ ኖሮ ደግሞ ያላመኑበትን ይሰብኩ ነበር፤ ያ ከዝምታቸው የባሰ ነው።

የድምፅ ክፍል፦
ሁለታችሁም ስለ ታዳሚው ስትከራከሩ ከመድረኩ በስተ ጀርባ ያለውን ነገር ዘንግታችኋል። በዚህ ዘርፍ ያሉ አብዛኞቹ ባንዶች ኦርኬስትራና መዘምራን ይዘው አይጓዙም፤ ቫዮሊኑና ሕብረ ዝማሬው ቀድሞ ተቀድቶ ከላፕቶፕ ይለቀቃል፣ ከበሮ መቺውም በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን የመቁጠሪያ ምት ተከትሎ ይመታል። በአንዳንዱ ባንድ መብራቱና ጭሱ ሳይቀር ከዚያው ምት ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ድምፃዊው «መንፈስ አነሣሣኝ» ብሎ ለስድስት ደቂቃ ሲናገር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ወይ ንግግሩ አስቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ተመድቦለታል፤ እንዲህ ከሆነ ከልብ የፈለቀ ምስክርነት ሳይሆን የተጠና ክፍል ነው። ወይም አልተመደበለትም፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አዘጋጁ የሰጠው 45 ደቂቃ አይራዘምምና የመጨረሻው ዘፈን ይቀራል። በፌስቲቫል ላይ የሚቀረው ዘወትር ረጅሙ ዘፈን፣ ማለትም ሰው ሊሰማው የመጣው ነው።

ስለ አዳራሽም አንድ ቃል ልጨምር። «ኮንሰርቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብናደርገው ጥያቄው ይቀልል ነበር» የሚሉ አሉ። በድንጋይ በተሠራ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ድምፅ ሁለትና ሦስት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይጠፋ ይቆያል። በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ፈጣን የእግር ከበሮ በሰከንድ እስከ 12 ጊዜ ስለሚመታ በዚያ ቤት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። በደቂቃ 60 ምት የሚሄደው ዘገምተኛው ሙዚቃ ግን በምቶቹ መካከል ሰፊ ጊዜ ስለሚተው በእንዲህ ያለ ቤት ያምርበታል። ፈጣን ሜታል የሚጫወቱ ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ ቅር እንዳይላቸው።

አልቶ፦
ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ያጠበበው ይመስለኛል፤ ስብከትና ሙዚቃ ብቻ እንዳሉ ተደርጎ ነው የተያዘው። ሴቪየር ማሽንን የሚያውቁ አባላት ሦስተኛውን መንገድ አይተውታል። ከካሊፎርኒያ የተነሣው ይህ ባንድ በድምፃዊው በኤሪክ ክሌይተን እየተመራ መድረኩን ቲያትር አደረገው። ድምፃዊው ፊቱን በነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ልብሰ መድረክ ለብሶ፣ ግጥሙን በሙሉ ሰውነቱ ይተርከው ነበር። ጉሮሮውን አያጎረምርምም፤ ወፍራምና ጥርት ያለ ድምፅ ስላለው እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ የወጡት «ሌጀንድ» የተሰኙት አልበሞች በዮሐንስ ራእይ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ባለዕዳ የጠየቁት ግልጽነት እዚህ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ጥቁር መጋረጃ የፈሩት መቋረጥ ግን የለም። ባንዱ በትውልድ አገሩ ካገኘው ይልቅ በጀርመን የተሻለ ጆሮ ማግኘቱ፣ ሁለቱም የኮንሰርት ቅጂዎቹ በዚያ መቀረጻቸው በራሱ የሚያስገርም ነው።

ስብከት የሚገባበት ቦታ ደግሞ የለም አልልም። በፊንላንድ ከ2006 ጀምሮ የሚካሄደውን የሜታል ቅዳሴ ተመልከቱ። በሄልሲንኪ ቱስካ ከተባለው የሜታል ሙዚቃ ፌስቲቫል ጋር ተያይዞ የተጀመረ ሲሆን፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው መዝሙሮች በጊታርና በከበሮ ይታጀባሉ፣ ምእመኑም አብሮ ይዘምራል። በዚያ ካህኑ ሲሰብክ ማንም «አቋረጠን» አይልም፤ ምክንያቱም ሰው የተጠራው ለአምልኮ ነው። ቅር የሚያሰኘው፣ ማስታወቂያው ኮንሰርት ብሎ ጠርቶ ውስጥ ሲገቡ ጉባኤ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ባለዕዳ፦
እህቴ አልቶ፣ ስለ ሴቪየር ማሽን ያሉት ልክ ነው፤ ግን ስንት ባንድ ነው እንደ ክሌይተን ያለ ድምፃዊ ያለው? እኔ የምከራከረው አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ለመቶ ሰው ስለሚጫወት፣ ጭሱም ልብሱም ተራ ስለሆነ ባንድ ነው። ማስታወቂያው እውነቱን ይናገር በሚለው እስማማለሁ። «ክርስቲያን» የሚለውን ቃል ከጻፈበት ግን ድምፃዊው ሁለት ደቂቃ ቢናገር አልተታለልንም ማለት ነው። ደግሞም የድምፅ ክፍል «የተጠና ከሆነ ከልብ አይደለም» ያሉትን አልቀበልም፤ ዘፈኑም የተጠና ነው።

የድምፅ ክፍል፦
የመጨረሻዋን ነጥብዎን አልከላከላትም። ሁለት ደቂቃ ከሆነ አንድ የሚሠራ ሐሳብ ላቅርብ፦ ንግግሩ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ይሁን። መሣሪያው ተስተካክሎ መብራቱ ሳይጠፋ የሚነገር ቃል ከሙዚቃው ምንም አይወስድም፣ የማይፈልግ ሰውም ዘግይቶ መግባት ይችላል። ግጥሙ ደግሞ ከመድረኩ በስተ ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ በየመስመሩ ይውጣ። ከላፕቶፑ ምት ጋር ማያያዝ ብዙ ሥራ አይደለም፤ የኦፔራ ቤቶችም ሲያደርጉት ኖረዋል።

ጥቁር መጋረጃ፦
ስክሪኑን እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ግን አስቀድሜ እቃወማለሁ። የሚወጣው የዘፈኑ ግጥም ብቻ ይሁን። ስለ ታረዱት ሕፃናት ተዘምሮ ሲያበቃ ታዳሚውን ለማጽናናት ሲባል ከሌላ ቦታ የተመረጠ ጥቅስ በስክሪኑ ላይ ከተለጠፈ፣ ማይክሮፎን ሳይነካ የተሰበከ ስብከት ነውና ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን።

ባለዕዳ፦
ግጥሙ ራሱ ጥቅስ ሲሆንስ?

ጥቁር መጋረጃ፦
ያን ጊዜ ባንዱ የዘመረው ነው፤ ይውጣ።