ታሪክን በኢንተርኔት ማስተማር፦ 1928 የትኛው 1928 ነው?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ስለደበደቡበት ቀን ከኢንተርኔት ፈልገው አጭር ጽሑፍ እንዲያቀርቡ አዝዤ ነበር። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ተነሥታ «ጣሊያን በ1928 ከኢትዮጵያ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርማ በዚያው ዓመት ደሴን በቦምብ ደበደበች» ብላ በልበ ሙሉነት አነበበች፤ ክፍሉም አጨበጨበላት። ልጅቷ ከራሷ የፈጠረችው ነገር የለም፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ስልኳ ላይ አግኝታቸዋለች። ነገር ግን ውሉ የተፈረመው በአውሮፓውያን 1928፣ ማለትም ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ሲሆን ድብደባው የተፈጸመው በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት ከአራት ወር አለ።

ከተማሪዎቼ ስማርት ስልክ ያለው ግማሹ ቢሆን ነው። ፕሮጀክተራችን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መብራት ሲኖር ነው። ይህን ሁሉ ችዬ የማገኘው ውጤት እንዲህ የተደበላለቀ ከሆነ ወደ መጽሐፉና ወደ ጥቁር ሰሌዳው መመለስ አይሻለኝም? እናንተ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

መልስ 1፦ መምህር፣ ደሴ

መምህር፣ ይህን ስሕተት አይጣሉት፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ትምህርት በውስጡ አለ።

እኔ ማንኛውም ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ሁለት ዓምድ እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ፤ በአንደኛው የእኛ ዘመን፣ በሁለተኛው የአውሮፓውያን ይጻፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን ሁሉም በቃል ያውቀዋል፤ በተግባር ሲሆን ግን ይዘነጋል። ደሴ በቦምብ የተደበደበችው በኅዳር 1928 ስለሆነ በእነርሱ 1935 ነው። የጣሊያን ጦር ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ስለሆነ ደግሞ በእነርሱ 1936 ይሆናል። አንዱ የእኛ ዓመት በእነርሱ ሁለት ቦታ ሲገባ ተማሪው በዓይኑ ካላየ በስተቀር፣ በአማርኛ የጻፈውን ዓመት እንዳለ ወስዶ በእንግሊዝኛ መፈለጉን አይተውም።

ቀጥዬ ተማሪዋ ያገኘችውን ውል ራሱን አነሣ ነበር። የዚያ ስምምነት አንዱ ክፍል ከአሰብ እስከ ደሴ መንገድ ስለመሥራት የሚናገር ነው። የእናንተን ኮምቦልቻ ይመለከታል ማለት ነው! ጉግል ኧርዝን ይክፈቱና ከደሴ ተነሥተው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲና በሚሌ አድርገው ወደ ባሕሩ የዛሬውን መንገድ ይከተሉ። መሣሪያው የመንገዱን ከፍታ በመስመር ስለሚያሳይ ተማሪው ደጋው እንዴት ወደ አፋር ሜዳ እንደሚወርድ ያያል። ያን ጊዜ «የወዳጅነት ውል ስለ መንገድ ምን አገባው? መንገዱስ ለማን ይጠቅም ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። የእኔ ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከራክረዋል። አንዱ አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከመምህሩ የበለጠ ስለ ሐረጎ ጠመዝማዛ ያስረዳ ነበር።

መብራትን በተመለከተ፣ የምፈልገውን ገጽ ማታ ስልኬ ላይ አውርጄ አድራለሁ፤ ክፍል ውስጥ በቀጥታ ኢንተርኔት መክፈት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ስልኮቹንም አንድ ለአራት እናደርጋቸዋለን፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይጽፋል፤ ሁለቱ ይከራከራሉ።

መልስ 2፦ መምህርት፣ ደሴ

ወንድሜ ስለ መንገዱ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ለእኔ ዋና ጥቅሙ በሌላ መንገድ ልደርስበት የማልችለውን ማሳየቱ ነው፤ ይህንም የምለው በምሳሌ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ ነገር ግን ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም። ሴት ተማሪዎቼም እኔም በሐይቁ ዳር ቆመን ከመመለስ ያለፈ ዕድል አልነበረንም።

በ1960ዎቹ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር የሐይቅ መጻሕፍትም ተነሥተው ነበር። ቅጂዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ ማንም በነጻ ተመዝግቦ ያነባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ነው፤ የእርሳቸውም ሥዕል በውስጡ አለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙም በጥቂቱ የደበዘዘ ነው። ቢሆንም ያን ገጽ ፕሮጀክተሩ ላይ ሳሳይ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ በዝግታ ተነሥታ ወደ ግድግዳው መጣችና ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። «እትዬ፣ ይህ እኮ የእኛው ፊደል ነው» አለችኝ። የፊደሉን ቅርጽ ከዛሬው ጋር እያነጻጸሩ ልዩነቱን እንዲጽፉ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። መጽሐፉ ግን ለምን በሚኒሶታ በኩል እንደሚታያቸው የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አላስታወስኳቸውም።

መልስ 3፦ ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ

ልጆቼ፣ ጥሩ ትላላችሁ፤ እኔ ግን ፕላዝማ ሲመጣም እንዲህ ያለ ደስታ አይቻለሁ። በፕላዝማው ውስጥ የነበረው መምህር ጠይቆ፣ ተማሪው እጁን ሳያወጣ ራሱ መልሶ ያልፍ ነበር። እኛም በዳር ቆመን ስንመለከት ከርመን፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ እንደገና ከ«ሀ» እንጀምር ነበር። ስለዚህ በስልኩ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ ትምህርት ነው አትበሉ።

ደግሞስ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ደሴ ቆሞ ሳለ የእርሳቸውን ዘመን በቪዲዮ ማሳየት ምን ይባላል? ልጆቹን በእግራቸው ውሰዷቸው። ስልኩን ከያዙ አይቀር ድምፅ ይቅረጹበት። ድብደባውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በብዛት አልፈዋል፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙ ልጆቻቸው ግን ዛሬም ቡና አፍልተው ያወጋሉ። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደሰማ መጻፍ፣ ከዚያም ወጉን ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ነው። ቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል መመታቱን መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ በዚያ ማን ተኝቶ እንደነበር ግን የሰፈር ሰው ሊያውቅ ይችላል።

የጠያቂው ምላሽ፦ የታሪክ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ ቀረጻው ያሉትን ተቀብያለሁ፤ አይጠየፍንም በሚቀጥለው ወር እንጎበኘዋለን።

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በድብደባው ቀን ደሴ ላይ መትረየስ ይዘው የሚታዩበትን ፎቶ ከጣሊያኑ ሉቼ ተቋም የጦርነት ፊልሞች ከአንዱ ጋር አስተያየን። በፊልሙ ካሜራው ከአውሮፕላን ወደ ታች ይመለከታል፤ ሰው አይታይበትም፤ ከመሬቱ ላይ ጭስ ብቻ ይነሣል። በፎቶው ደግሞ ሰው ወደ ሰማይ ይመለከታል። «ፊልሙን ያነሣው ማን ነው? ገንዘቡንስ የከፈለው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ያቺው የ1928ቷ ተማሪ ሉቼ የሙሶሊኒ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ክንድ እንደነበር ፈልጋ መጣች። ቀኑን በሁለት ዓምድ ጽፋዋለች።

የቀረኝ ጥያቄ የአሰቡ መንገድ ነው። የከፍታው መስመር በእኔ ስልክ አይወጣልኝም።

መልስ 4፦ መምህር፣ ደሴ

በስልክ አይቸገሩ፤ በኮምፒዩተር ላይ በሚጫነው ጉግል ኧርዝ ፕሮ ነው የሚሠራው። መስመሩን አስምረው ካስቀመጡ በኋላ በቀኝ አዝራር ይጫኑትና የከፍታ ገጽታውን እንዲያሳይ ይዘዙት። ከደሴ እስከ ሚሌ ያሰመርኩት ፋይል አለኝ፤ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በፍላሽ አመጣልዎታለሁ።