ማታ ማታ ስሜት ሲያጥለቀልቀኝ ሐሳቤን በምን ላስቀይር?

ጥያቄ፦ የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ 26 ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ካበቃ በኋላ እጮኛዬ "ይቅር" አለኝ። ሁለት ወር ሆነው። ቀን ሥራ ላይ ደህና ነኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ደረቴ ውስጥ እሳት ይነድዳል። ያኔ እደውልለታለሁ፤ ካላነሳ የማይጻፍ ነገር እጽፍለታለሁ፤ ጠዋት ሳነበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ትናንት ደግሞ አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ላይ ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ጓደኛዬ "ሐሳብሽን በሌላ ነገር አስቀይሪ" ትለኛለች። እንዴት? ቲክቶክ ከፈትኩ፣ የሰው ሰርግ እየመጣ ባሰብኝ። ደግሞስ ይሄ መሸሽ አይሆንም?

መልስ፦ ነርስ ከባሕር ዳር

አይዞሽ እህቴ። የምሠራው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ጓደኛሽ ያለችሽ ነገር በሙያውም የታወቀ ነው። ማርሻ ሊንሃን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዘጋጀችው ዲቢቲ የሚባል ሕክምና አለ፤ ሰዎች እዚያ ከሚለማመዱት አንዱ ይሄው ነው። ዛሬ ማታ የማትፈቺው ነገር አለ። ስሜቱ ጫፍ ላይ ነው። ያንን ሰዓት ነገሩን ሳታባብሺ ማለፍ ነው ሥራሽ። ስሜት ካልቆሰቆሱት ይወርዳል።

ስሜትሽን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው። 7 ካለፈ ስልኩን ለወንድምሽ ስጪው፣ ጠዋት ይመልስልሽ። ከዚያ ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሙይና ትንፋሽሽን ይዘሽ ፊትሽን ለጥቂት ሴኮንዶች ንከሪ፤ የልብ ምት ያረግባል። የልብ ሕመም ካለብሽ ግን ይሄን ተዪው። ቀጥሎ ከ100 ላይ 7 እየቀነስሽ ቁጠሪ፤ 93፣ 86፣ 79 እያልሽ። ቲክቶክ ያልሠራልሽ እጅሽንም ጭንቅላትሽንም ስለማይዝ ነው። ጣትሽ ስክሪን ይገፋል፣ ሐሳብሽ እሱው ጋ ነው።

መልስ፦ እናት ከፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ እኔ ባለቤቴ ያረፈ ክረምት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጥጥ እፈትል ነበር። እጅሽ ከተናደደ ክሩ ይበጠሳል። ስለዚህ ሳትወጂ በግድ ትረጋጊያለሽ። ከዚያ ፈትል አንድ ጋቢ ወጥቶለታል፣ ዛሬም እለብሰዋለሁ። ለጊዜው እንዝርት ከሌለሽ ምስር በሰፌድ ልቀሚ። ማታ ቡና አታፍዪ። አረቄ ቀምሼ ልተኛ የሚል ሐሳብ ደግሞ እንዳይመጣብሽ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

መልስ፦ የቅኔ ተማሪ የነበርኩ፣ ቢቸና

ዲማ ቅኔ ስማር ንዴት ሲይዘኝ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ እቆጥር ነበር። ሁለት ቤት ብቻ ነው። ግን ዜማውን ጠብቀሽ፣ ሰሙን ከወርቁ አስማምተሽ እስክትጨርሺ ለንዴት ቦታ አይተርፍም። አንቺ በአማርኛ አራት መስመር ግጥም ሞክሪ፣ ቤት ይምታ። ስለ እሱ ግን አይሁን! ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል፣ ስለፈለግሽው። ስለ እሱ ከጻፍሽ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ።

መልስ፦ ከቡሬ

እኔ ግን ላስጠንቅቅሽ። ሐሳብ ማስቀየርን አንድ ዓመት ሙሉ ኖርኩበት። ከወንድሜ ጋር በገንዘብ ተጣላን፣ ከዚያ ጠዋት ሥራ፣ ማታ ሥራ፣ እሁድ ኳስ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻዬን ላለመቀመጥ። በመጨረሻ የማላውቀው ሰው ልቅሶ ላይ ገንፍሎ ወጣ፣ ማቆም አቃተኝ። ስለዚህ ማታ ያሳለፍሽውን በቀን ቀጠሮ ስጪው። ከጓደኛሽ ጋር ተቀምጠሽ አውሪው፣ አልቅሺው።

ነርስ ከባሕር ዳር

ከቡሬ የተጻፈው ልክ ነው። "መሸሽ ነው ወይ" ብለሽ ነበር። ካልተመለስሽበት መሸሽ ነው፤ ከተመለስሽበት አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለሽ እዚያው ማርቆስ ሆስፒታል ሂጂ። "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አትዋዪ አትደሪ፣ ብቻሽንም አትሁኚ፣ ወዲያው ለሰው ንገሪ።

የማርቆስ ልጅ

እንደዚያ ያለ ሐሳብ የለኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት 8 ደረሰ። ስልኩን ለወንድሜ ሰጠሁት፣ ምንም ሳይጠይቅ ትራሱ ሥር አደረገው። ፊቴን ነከርኩ። ቁጥሩ 72 ላይ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ምስር መልቀም ስጀምር ወንድሜ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና አብሮኝ ለቀመ። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኩት። አራት ሰዓት ላይ 5 ነበርኩ፣ ሳልደውል ተኛሁ። ቅዳሜ ጓደኛዬ ትመጣለች፣ ያኔ ሁሉንም አወራታለሁ። እማማ፣ እንዝርት እገዛለሁ፤ አመልማሎ ማዘጋጀት ግን አልችልም፣ ምን ላድርግ?

እናት ከፍኖተ ሰላም

ለመጀመሪያው የተነደፈ ጥጥ ግዢ ልጄ። ትንሽ ትንሽ አድርገሽ በመዳፍሽ ጠቅልዪው። መጀመሪያ ወፍራም ይወጣል፣ ግድ የለም፣ ፍተዪው።