ሦስት ባለሙያ፣ ሦስት የቤት ሥራ፣ አንድ ሰዓት፦ ከየቱ ልጀምር?

የማለዳ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወሯ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት። እጆቿም እግሮቿም ይገታተራሉ፣ አንገቷን ትይዛለች ግን ቶሎ ይደክማታል፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አትችልም። ካርዷ ላይ «ጂኤምኤፍሲኤስ ደረጃ 4» ተብሎ ተጽፏል። የሚነገረው ሁሉ ይገባታል፤ ቀልድ ሲወራ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ንግግር ግን የላትም። «እእ» ካለች አዎ ማለት ነው፣ ፊቷን ካዞረች አልፈልግም ማለት ነው፤ በቃ ይኸው ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ በየቀኑ በመቆሚያ ፍሬም አቁሚያት፣ የቁርጭምጭሚት ድጋፏንም (ኤኤፍኦ የሚሉትን ፕላስቲክ) አድርጊላት አሉኝ። ስፒች ቴራፒስቷ (የንግግር ባለሙያዋ) የሥዕል ሰሌዳ ጀምሪ አለችኝ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ (የዕለት ተዕለት ተግባር የምታለማምደው) ደግሞ በስጦታ ያገኘነው ዊልቸር ላይ አስቀምጠሽ እጇን አሠሪያት አለች። ወንበሩ ላይ ግን ሩብ ሰዓት ሳትቆይ ወደ ታች ትንሸራተትና ቀበቶው ብብቷ ሥር ይደርሳል። ፕላስቲኩ ቀይ ምልክት ይተውባታል። አማቴም «ሥዕል ከለመደች መናገሩን ትተወዋለች» እያሉ ሰሌዳውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለውታል። ሥራ እውላለሁ፤ ማታ ከእሷ ጋር ያለኝ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሦስቱም እኩል አስፈላጊ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን አንድ ነኝ። እናንተ ብትሆኑ ከየቱ ትጀምሩ ነበር?

ፊዚዮው

ከአቀማመጥ። የሙያዬን ቤት ሥራ ወደ ኋላ ማስቀመጤ ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ዳሌዋ ካልተደላደለ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ጀርባዋ ከጎበጠ አንገቷ ይወድቃል፣ አንገቷ ከወደቀ ሥዕሉንም አታየው፣ ምግብም በደህና አትውጥም። እጆቿ ራሷን ለመደገፍ ከተያዙ በምን ትጫወት?

ካርዷ ላይ ያለውን ቁጥር ላብራራ። ጂኤምኤፍሲኤስ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ምደባ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይሄዳል፣ ልጁ በራሱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። ስለ ማሰብ ችሎታዋ አንዲት ቃል የለበትም። ደረጃ 4 ማለት ባጭሩ ከቦታ ቦታ ለመሄድ በአብዛኛው ጎማ ያስፈልጋታል፣ ለመቀመጥም ድጋፍ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ስለዚህ ወንበሩ ለእሷ ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ እግሯም ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ አላልፍም፦ የዳሌዋ ራጅ ተነሥቷል ወይ? በዚህ ደረጃ ካሉ 10 ልጆች ወደ 7ቱ የታፋ አጥንታቸው ከዳሌ ማቀፊያው እየወጣ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አያምም። ልብስ ሲለበስ ወይም ንጽሕና ሲጠበቅ እግር አልከፈት ሲል ነው ብዙ ቤተሰብ የሚነቃው፤ ያኔ ዘግይቷል። ካልተነሣች ለሐኪሟ ንገሪ፣ ከዚያ በኋላም በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ክትትል ያስፈልጋታል። ይህ ያንቺን አንድ ሰዓት አይሻማም፤ ቀጠሮ ነው።

ጎማ ጠጋኝ

ዊልቸር ማስተካከል እንጀራዬ ነው። በመጀመሪያ፦ ቀበቶው ብብቷ ሥር ከደረሰ ዛሬውኑ ብቻዋን ማስቀመጥ ይቁም። አንገት ላይ የሚደርስ ቀበቶ ያንቃል፤ ቀልድ አይደለም።

የምትንሸራተተው ልጅቷ ሰንፋ አይደለም፤ ወንበሩ ረዝሞባት ነው። የመቀመጫው ጫፍ ቋንጃዋን ሲነካት ጉልበቷን ለማጠፍ ስትል ዳሌዋን ወደ ፊት ትስባለች፤ መንሸራተት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሜትር ያዢና ጠንካራ ወለል ወይም አግዳሚ ላይ አስቀምጫት፣ ሌላ ሰው ከኋላ ይደግፋት። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።

ከመቀመጫዋ የኋላ ጫፍ እስከ ቋንጃዋ ስንት ሴንቲ ነው? ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ጣት ቀንሺ፤ የሚቀረው የመቀመጫው ርዝመት ነው። የዳሌዋ ስፋትስ? ከቋንጃዋ እስከ ተረከዟስ (ጫማዋን አድርጋ)? የመጨረሻው የእግር ማሳረፊያው የት መሆን እንዳለበት ይነግረናል። እግር አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የወንበሩን ርዝመትና ስፋት ለኪና ጻፊልኝ።

እስከዚያው ትራስ አትደርድሪ። ለስላሳ ትራስ ዳሌን ያሰምጣል፤ ለአምስት ደቂቃ ያማረ ይመስልና ልጅቷ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ታገኛታለሽ። የሚሆነው ጠንካራ ስፖንጅ ነው፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ዳቦ የማይገባው። ቀበቶውም በሆድ ሳይሆን ዳሌዋ ከታፋዋ በሚገናኝበት ላይ፣ ወደ ኋላና ወደ ታች አጋድሎ ነው የሚታሠረው። ደግሞ ቀበቶ የተንሸራተተን ልጅ አይመልስም፤ በትክክል የተቀመጠን ነው የሚይዘው።

ስለ ስጦታው ሰጪዎቹን አልወቅስም፤ ግን ልቤ ያርራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የዊልቸር መመሪያ ከሪፈር ጀምሮ እስከ ጥገናና ክትትል 8 እርምጃ አስቀምጧል፤ ምርመራ፣ ልክ ማየት፣ ቤተሰብን ማሠልጠን ሁሉ አለበት። ወንበር አስረክቦ ፎቶ መነሣት ከስምንቱ አንዱ አይደለም።

ጫማ ሰፊው

ስሜ ቀልድ ነው፤ ኦርቶቲስት (እንዲህ ያሉ የአካል ድጋፎችን የምሠራ) ነኝ። ስለ ቀዩ ምልክት ልናገር፣ እመቤቴ። ፕላስቲኩን ሲያወልቁ ሰዓት ይዩ። ቅላቱ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ የተለመደ ነው። ከቆየ፣ በተለይ ቁርጭምጭሚት ወይም ተረከዝ ላይ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው ከተላጠና ውኃ ከቋጠረ፣ መልሰው አያድርጉላት፤ ወደ ሠራልዎ ባለሙያ ይመለሱ። አሙቆ ማስፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ምልክቱን ፎቶ ያንሡት፤ ቀጠሮው ሲደርስ ቆዳው ድኖ «የቱ ጋ ነው?» እንዳንባባል።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፕላስቲኩ አይሆንም፤ ተረከዝ ወደ ታች ሳይገባ ይታሠርና እግሩ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጉልበቷን ያጥፉ፤ ያኔ ቁርጭምጭሚቷ ይላላል። ተረከዟን ወደ ታችና ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ያስገቡ፣ የቁርጭምጭሚቱን ማሠሪያ አስቀድመው ይሠሩ፣ የላይኛውን ቀጥለው። ካልሲው ረጅም፣ ጥጥ፣ መጨማደድ የሌለበት ይሁን፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ቢገለበጥ ደግ ነው። በዚህ ዕድሜ እግር ስለሚያድግ ከዓመት ብዙ የማይርቅ ጊዜ ውስጥ አዲስ ያስፈልጋታል፤ ጣቶቿ ከጫፉ ካለፉ ጊዜው ደርሷል።

ዝም አልልም

የሁሉንም አነበብኩ። በእኔ ግን አማትሽ ልክ ናቸው። የኔ ልጅ ምንም ሰሌዳ ሳይነካ በ5 ዓመቱ ተናገረ። በሥዕል ከተግባባች መናገር ለምን ያስፈልጋታል? አፏን ማሸት ላይ ብታተኩሪ ይሻላል።

ስፒች ቴራፒስት ነኝ

ወንድሜ፣ ልጅህ በመናገሩ ደስ ብሎኛል፤ ግን የእሱ መንገድ የእሷ ላይሆን ይችላል። ይህ ስጋት እኮ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አለ፤ በሰሌዳ፣ በምልክትና በመሣሪያ መግባባት የጀመሩ ሰዎችን ንግግር ከጀመሩ በፊትና በኋላ ያነጻጸረ። በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልተገኘም፤ በአብዛኞቹ ጨምሯል። ጭማሪው መጠነኛ ነበር፤ «ሰሌዳ ያናግራል» ብዬ ቃል አልገባም። መናገር ግን አይከለክልም። ልጅ የሚመርጠው የሚቀልለውን መንገድ ነው፤ ድምፅ ሲመጣለት ሰሌዳውን ራሱ ይተወዋል። አፍ ማሸት ብቻውን ንግግር እንደሚያመጣ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃም አላየሁም።

ለአንቺ፣ እህቴ፦ እጇ ስለሚገታተር ሥዕል በጣት ማመልከቱ ያደክማታል። ዓይኗን ተጠቀሚ። እንደ መስኮት የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ ፈልጊ፣ መካከሉን ቅደጂው፣ አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ሥዕል ለጥፊ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ በቀዳዳው እያየሻት ያዢው፤ ዓይኗ የትኛው ማዕዘን እንደሄደ ወዲያው ታያለሽ። ባትሪ የለው፣ አይበላሽ።

ሥዕሎቹን ስትመርጪ ድመት፣ ኳስ፣ መኪና አትበዪ። እሷ ልታዝዝ የምትችልባቸውን ቃላት አስገቢ፦ «በቃ»፣ «ድገሙ»፣ «ሌላ»፣ «ና»። ደግሞ ፈተና አታድርጊው፤ «ድመቷ የታለች?» እየተባለ የሚፋጠጥ ልጅ ሰሌዳ ይጠላል። አንቺ ራስሽ እያወራሽ አሳያት፦ «ድገሙ እንበል?» እያልሽ ሥዕሉን ጠቁሚ። ከዚያ ዝም በዪ። በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ይቺ ዝምታ ለቤተሰብ ከሁሉ የከበደች ናት፤ ሁላችንም ሦስት ላይ ደርሰን ራሳችን እንመልሳለን።

በምግብ ሰዓት ትስላለች ወይ? ድምፇ ከውጠት በኋላ ርጥብ ርጥብ ይላል? ከሆነ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነውና ለቴራፒስትሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ።

እትዬ ታጋሽ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የ13 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ትንሽ ሳለ የታዘዘልኝን ሁሉ ለመሥራት ስሞክር ማታ ማታ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። የመቆሚያ ፍሬሙ በመጨረሻ የልብስ ማስጫ ሆነ፤ እውነቴን ነው፣ ቁመቱ ለዚያ አመቺ ነበር።

መላው የመጣው ሦስቱን ባለሙያዎች «በዚህ ሦስት ወር ልጄ አንድ ነገር እንድትችል ብትፈልጉ ያ አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያደረግሁ ቀን ነው። የተጻፈው «ወንድሞቿ ሲበሉ አብራ ማዕድ ላይ ትቀመጥ፣ የምትፈልገውን ትምረጥ» የሚል ነበር። ልብ በይ፦ መቀመጡ አለ፣ መምረጡ አለ፣ እጁም አለ። የሁሉም ሥራ እራት ላይ ገባ፤ ሌላ ሰዓት አልፈለገም። መቆሙን ቀን የሚጠብቃት ሰው ካርቱን ስታይ ያድርገው።

ሌላው፦ መሄድ በማትችይበት ቀጠሮ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላኪ። ልጆቻችን ክሊኒክ ውስጥ ሌላ ሰው ናቸው።

ፊዚዮው

እትዬ ታጋሽ ያሉትን እኔም እፈርምበታለሁ። ልጁን አስተኝቶ እግር መሳብና ማሸት ብቻውን እንቅስቃሴ አያስተምርም፤ ግብ ይዞ ያንኑ ነገር በእውነተኛው ቦታ ደጋግሞ መሥራት የተሻለ ማስረጃ አለው።

የማለዳ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስምንት ቀን ጠፋሁ፤ ስሠራ ነበር።

ለጎማ ጠጋኝ፦ ከመቀመጫዋ እስከ ቋንጃዋ 27 ሴንቲ፣ ዳሌዋ 22፣ ከቋንጃ እስከ ተረከዝ 25። ወንበሩ ርዝመቱ 36፣ ስፋቱ 34። ከጀርባዋ ጠንካራ ስፖንጅ ላስገባ?

ፕላስቲኩን እንደተባልኩት ጉልበቷን አጥፌ አደረግሁት፤ የግራው ቅላት በሩብ ሰዓት ጠፋ፣ የቀኙ ግን ከሰዓት በላይ ቆየ። ፎቶ አንሥቼ ለባለሙያው ልኬ ቀጠሮ ይዣለሁ። ራጅ ተነሥታ አታውቅም፤ ሐኪሟ አሁን ጽፈውልናል። በምግብ ላይ አትስልም።

ሰሌዳውን የሠሩት አማቴ ናቸው! ፕላስቲኩን ራሳቸው በመቀስ ቀደዱት። ትናንት ጭኔ ላይ ደግፌያት፣ እሳቸው እየዘፈኑላት ሳሉ ዓይኗ ወደ «በቃ» ሄደ። ሳቁና «ድገሙ ማለትሽ ነው» አሏት። ፊቷን አዞረችና እንደገና «በቃ» ላይ አፈጠጠች። ዘፈኑ ቆመ።

ጎማ ጠጋኝ

ለአማትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወደ ወንበሩ። ለእሷ የሚሆነው ርዝመት 23 ወይም 24 ነው። ስለዚህ ከኋላ 12 ሴንቲ፣ ከግራና ከቀኝ አምስት አምስት መሙላት አለብሽ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ቢሆን በስፖንጅ እንገላገለው ነበር። 12 ሴንቲ ወደ ፊት ስትወጣ ግን ክብደቷ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄዳል፣ ወንበሩ በግንባሩ ሊደፋ ይችላል፤ የኋላው ጎማም ከእጇ ይርቃል። ለማዕድ ሰዓት፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሰው አጠገቧ እያለ ለጊዜው ሙዪውና ተጠቀሚበት፤ ቁልቁለት ላይ ግን አይወጣ። ይህ ወንበር የሌላ፣ ትልቅ ልጅ ወንበር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ስጪያትና ልኳን አይታ በጽሑፍ ትዘዝላት፤ ስታዝ ለእድገቷ የሚሳብ መቀመጫ ያለውን ትጠይቅ።

ስፖንጁን ካስገባሽ በኋላ ፎቶ ላኪልኝ። ከፊት ሳይሆን ከጎን፤ ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ እንዲታዩኝ።