ሪፒተራችን ሌሊት ሌሊት ከፍሪኩዌንሲው ይሸሻል

አንቴናው፦ ሰላም ወገን፣ እዚህ ኮሎራዶ ከአማተር ራዲዮ ጓደኞቼ ጋ የምንጠብቃት አንድ አሮጌ የ70 ሴንቲሜትር ባንድ ሪፒተር (የሬዲዮ ድምፅ ተቀብላ አጠንክራ መልሳ የምታስተላልፍ) አለች፣ ፍሪኩዌንሲዋን በክሪስታል የምትይዝ፣ ያለችበት ክፍል ማሞቂያ የለውም። ቀን ደህና ናት ሌሊት ብርዱ ሲገባ ግን 447 ሜጋኸርትዝ ላይ ወደ 2 ኪሎኸርትዝ ትሄድና ድምፁ ይበላሻል። ክሪስታሉን ልቀይረው ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ሽቦ በጣሽ፦ መጀመሪያ በምን ለካኸው ወንድሜ? ርካሽ የኤስዲአር ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሬዲዮ መቀበያ) ከሆነ እሱ ራሱ ይንሸራተታል፣ እኔ አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ደህናውን ሪፒተር ስጎረጉር ከርሜ ጥፋቱ የዶንግሉ ሆኖ አረፈው 😂

አንቴናው፦ ኧረ በፍሪኩዌንሲ ካውንተር (መለኪያ) ነው፣ በጂፒኤስ የሚታረም፣ ግማሽ ሰዓት አሙቄው ነው የለካሁት

ኮረንቲ፦ እንግዲያው ሂሳቡን እየው፣ 447 ላይ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ማለት 447 ኸርትዝ ነው፣ ያንተ ከ4 በላይ ሄዷል። ትሪመሩን (ፍሪኩዌንሲውን በእጅ የምታስተካክልበትን) ግን እንዳትነካ! ጠዋት ብታስተካክለው ከሰዓት በሌላ በኩል ያመልጥሃል። ለኦሲሌተሩ (በክሪስታሉ ፍሪኩዌንሲውን ለሚያመነጨው ክፍል) የሚገባውን ቮልቴጅ ብርዱ ላይ ለካ፣ ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ሬጉሌተር ከወረደ ክሪስታሉን በከንቱ እየከሰስከው ነው። ቮልቴጁ ካልተነቃነቀ የፀጉር ማድረቂያ ከራቅ አድርገህ ንፋበት፣ ፍሪኩዌንሲው አብሮ ከሮጠ ጥፋቱ እዚያ ነው። ክሪስታሉ ኦቭን (ሙቀቱን እኩል የሚይዝለት ትንሽ ማሞቂያ) ካለው ደግሞ መሞቁን እይ። ሪሲቨሩም የራሱ ክሪስታል አለው እሱንም አትርሳ

አንቴናው፦ ኦቭን አለው ለካ! አሁን ነካሁት፣ በረዶ ነው 🤦