በትንሽ ብር የጌም ላፕቶፕ፦ የቱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እህቴ ከዱባይ ልትመጣ ነው፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ታመጣልኛለች፤ ብሬ ግን ውስን ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 7፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650 የሆነውን ወይስ ኮር አይ 5 ከአርቲኤክስ 3050 ጋር? የምጫወተው ጂቲኤ 5 እና ፊፋ ነው።

መልስ፦ ብሮ፣ አይ 7 የሚለው ስም አያታልህ። ለጌም ዋናው ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ በኋላ አትቀይረውም። 3050 ከ1650 ይበልጣል፣ እሱን ያዝ። ራሙ አንድ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ እዚህ ሌላ 8 ትጨምርበታለህ።

ሌላ መልስ፦ እኔ ሳልሞክር ገዝቼ ጌም ስከፍት እየጋለ ይጠፋብኝ ነበር፤ ሳስፈታው ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል። እህትህ ከመክፈሏ በፊት ግማሽ ሰዓት ጌም ከፍታ ትየው። ቻርጀሩም የራሱ ይሁን፣ በባትሪ ብቻ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቻርጀሩን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ አሁኑኑ እደውልላታለሁ።