አዳማ ውስጥ የድሮ ቮልስ ቤንዚን ፓምፕ የት ይገኛል? (66 ሞዴል 1300)

ቮልስ_ናዝሬት
ሰላም ቤተሰብ፣ ከአዳማ ነኝ። የአባቴ 66 ሞዴል 1300 ቮልስ አለችን። እሱ አሁን መንዳት አቁሟል ግን ስትነሳ ድምጿን ሲሰማ በረንዳ ላይ ብቅ ይላል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ቆማ ዝገት እንዲበላት ፈፅሞ አልፈልግም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል አንዴ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ሲመታ ትነሳለች፣ ፀሐይ ጠንከር ሲል ግን በተለይ በሞጆ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዳገቱን ስጀምር ቤንዚን እንዳጠራት ታነክሳለች ከዛ ቀጥ። ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሌላ ያስፈራኝ ነገር የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ መጠኑም ሳልጨምርበት ከፍ ብሏል።

መካኒኩ ፓምፑ ሞቷል ቀይረው አለኝ። እሺ ብዬ እዚህ መለዋወጫ ቤቶችን ብዞር ያለው ሁሉ የቶዮታ፣ የአይሱዙና የባጃጅ ነው። አንዱ ሱቅ የላዳ ነው ግን ይሰራልሃል ብሎ መልኩ የሚቀራረብ አሳየኝ፣ አልገዛሁትም። የላዳው ይሆናል እንዴ? ወይስ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሻላል? ትክክለኛውንስ የት ላግኝ? የምታውቁ እባካችሁ።

ሶደሬ_መንገድ
ወንድሜ እኔ ብሆን ኤሌክትሪኩን ገጥሜ እገላገል ነበር። ፔጆ 404 አለኝ፣ ኦርጅናሉን ፍለጋ ብዙ ከለፋሁ በኋላ ኤሌክትሪክ አስገጠምኩና እስካሁን በሰላም እየነዳሁ ነው፣ ሙቀትም ዳገትም አላስቸገረኝም። ትንሽ ነው፣ ሁለት ገመድ ነው፣ በየሱቁ አለ።

የቮልስ_እህት
@ሶደሬ_መንገድ ላንተ ሰርቶልህ ይሆናል ግን እሱ ጋ ቀጥታ አይሄድም። 66 ሞዴል 1300 ከፋብሪካ ስትወጣ 6 ቮልት ናት፣ ማንም ወደ 12 ካልቀየራት በስተቀር ሱቅ የሚሸጠው 12 ቮልት ፓምፕ በቂ ጉልበት አያገኝም። ሁለተኛ የቮልስ ካርብራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) የሚፈልገው ግፊት በጣም ትንሽ ነው፣ በግፊት መለኪያ 3 ፒኤስአይ አካባቢ። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ከገጠምክ የካርብራተሩን መርፌ (ቤንዚን ሲበዛ የሚዘጋውን) አሸንፎ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ የሚፈሰው ደግሞ ትኩስ ሞተር ላይ ነው። ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ መካኒካሉ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ኤሌክትሪኩ ግን አደጋ ደርሶ ቱቦ ቢበጠስ እንኳን ቁልፉ እስኪጠፋ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። የሚገጥም ሰው የዘይት ግፊት ሲጠፋ ፓምፑን የሚቆርጥ ሪሌ ማስገባት አለበት፣ እዚህ ይሄን የሚያደርግ ባለሙያ ብዙም አላየሁም። እና ወንድሜ @ቮልስ_ናዝሬት፣ የቮልስ ሞተር ካርተር (ዘይቱን የሚይዘው የሞተሩ አካል) የማግኒዚየም ቅይጥ እንደሆነ አትርሳ፣ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም።

ጋሽ_ካንዴላ
ልጄ በመጀመሪያ ዘይቱ ቤንዚን እየሸተተ መኪናዋን አትንዳት። ፓምፑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚኑ ፓምፑን በምትገፋው ዘንግ ቀዳዳ ወርዶ ካርተር ይገባል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ከዛ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት) ይበላል፣ የፓምፕ ወጪ ሳይሆን የሞተር ወጪ ይመጣብሃል። የቮልስ ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ቤንዚን እንኳን ይበቃዋል ለማበላሸት።

አሁን ፓምፑ መሆኑን ራስህ አረጋግጥ፣ ለሰው ወሬ ብለህ አትግዛ። ቱቦውን ከካርብራተሩ ላይ ንቀለውና ጠርሙስ ውስጥ ክተተው፣ እሳት እንዳይኖር የኮይሉን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) መሀል ገመድ አውጣ፣ ሰው ሞተሪኖ ይምታልህ። ቤንዚኑ ፊጭ ፊጭ እያለ በየመሀሉ መምጣት አለበት። ቀዝቃዛ ሆናም ሞክር፣ ቀጥ ባለችበት ሰዓትም ሞክር። ፓምፑ ደህና ከሆነ ደግሞ የካርብራተሩ መርፌ አልዘጋ ብሎም ቤንዚን ወደ ሞተር ሊወርድ ይችላል፣ እሱንም እይ።

የላዳውን ተወው። የላዳ ፓምፕ ለላዳ ሞተር ነው የተሰራው፣ መልኩ ቢቀርብም የሚገፋው ነገር እንቅስቃሴ አይገናኝም። ቮልስ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ፓምፑን እንጂ ከስሩ ያለችውን ዘንግ አያይም። ዘንጓ ሁለት ዓይነት ናት። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ የሆነ ሞተር ላይ 108 ሚሊ ትረዝማለች፣ ከ73 ሞዴል ወዲህ በዲናሞ ፈንታ የመጣው ኦልተርኔተር ያለው ደግሞ 100 ሚሊ ነው፣ ፓምፑም ኦልተርኔተሩን እንዳይነካ ዘመም ብሎ ነው የተሰራው። ረጅሟን ዘንግ ከኦልተርኔተር ፓምፕ ጋር ካገናኘህ ፓምፑን ትሰብረዋለች ወይ ግፊቱ ያለልክ ይበዛል። አጭሯን ከዲናሞ ፓምፕ ጋር ካደረግክ ደግሞ ምንም አትገፋም፣ አዲስ ፓምፕ ገዝተህ ቤንዚን አይመጣም። ያንተዋ 66 ስለሆነች ዲናሞ መሆን አለባት ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሞዴሏን ሳይሆን ሞተሩን አይተህ ነው የምትገዛው።

ፓምፑን ለመፍታት 13 ቁልፍ ይበቃሃል፣ ሁለት ለውዝ ነው። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ቱቦውን ስትነቅል ቤንዚኑ በራሱ ይፈሳል፣ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ብሎን አስቀድመህ አዘጋጅ። ከዛ ከፓምፑ ስር ያለውን ፕላስቲክ መቀመጫና ጋስኬቱን ሳታነሳ ሞተሩን በእጅህ እያዞርክ ዘንጓ የመጨረሻ ከፍ የምትልበት ላይ ለካ። ከጋስኬቱ በላይ 13 ሚሊ መሆን አለበት።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ የአዳማ ፀሐይ ብቻውን አይደለም። የሞተሩን ክፍል ዙሪያውን የሚዘጋው ላስቲክና ቆርቆሮዎቹ አሉ ወይ? አብዛኛው ቮልስ ላይ ላስቲኩ አልቆ ወድቋል፣ ከስር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባና ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ይሄ ካልተስተካከለ ፓምፕ ብትቀይርም ዳገት ላይ ልትቆም ትችላለች።

ሀዋሳ_ቮልስ
ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ የት ይገኛል የሚለውን ልጨምር። እዚህ ሀዋሳም እንደናንተው ነው፣ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ቮልስ ቮልስ እያልክ ጠይቅ፣ ዕቃውን ይዘህ ሂድ፣ በፎቶ አትግዛ። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 በፈረንጅ ስትመረት ስለነበር ዕቃው ዛሬም አዲስ ይሰራል፣ ብራዚል ስሪት ብሮሶል የሚባለው ፓምፕ ጥሩ ነው፣ የጀርመኑ ፒርቡርግ ከተገኘማ አትልቀቀው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስመጣ፣ ግን አዲስ ይሁን፣ ያገለገለና ቤንዚን የሚሸት ከሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

የድሮውን ፓምፕ ደግሞ እንዳትጥለው! ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ከሆነ ይከፈታል፣ ላስቲኩ ብቻ ይቀየራል። ቆርቆሮው ተጣጥፎ የተዘጋው ዓይነት ነው የማይከፈተው። የአባትህ መኪና ላይ የነበረው ኦርጅናሉ ከሆነ ከአዲስ ኮፒ አስር ጊዜ ይበልጣል።

ቱቦዎቹንም አብረህ ቀይር፣ ውስጣቸው 5 ሚሊ የሆነ የቤንዚን ቱቦ፣ የውሃ ቱቦ አይሆንም። በፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰራቸው። ፊልትሮ ደግሞ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ዲስትሪቢተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) አናት ላይ ያንጠለጠሉ አሉ፣ እባክህ አታድርገው፣ ከመኪናዋ ስር ወይም ሳልባትዮው ጋ ይሁን።

ቮልስ_ናዝሬት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። እንዳሉኝ ፈታሁት፣ ላስቲኩ ዳር ላይ ተቀዷል። ሞተሩ ዲናሞ ነው፣ ዘንጓም 108 ናት። ክዳኑ በብሎን ነው የታሰረው ስለዚህ ላስቲኩን እያፈላለግኩ ነው፣ እስከዛ ሶማሌ ተራ የብራዚሉ የዲናሞ ፓምፕ ተገኝቶልኛል። ዘይቱን ደፍቼዋለሁ። የሞተሩ ላስቲክ ግን እንዳሉት ግማሹ የለም፣ እሱንም አስቆርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስለካው 15 ሚሊ መጣብኝ፣ ከ13 በለጠ። ጋስኬቱም ስስ ናት። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ካንዴላ
ጋስኬት ጨምር፣ በአንዴ አትደርድር፣ አንድ አንድ እየጨመርክ ለካ 13 እስክትደርስ። እንደዛው አድርገህ ብትገጥመው አዲሱንም ላስቲክ ትቀደዋለህ። ስትገጥም ዘንጓን ዝቅ ባለችበት አድርጋት፣ የፓምፑን የታች ክፍት ቦታ ግሪስ ሙላው፣ ሁለቱን ለውዝ እኩል እኩል እሰር። ከተነሳች በኋላ ሳትነዳት ትንሽ አቆያት፣ ቱቦዎቹን መገጣጠሚያቸው ላይ በእጅህ ዳስስ፣ እርጥብ ነገር ከነካህ ወዲያው አጥፋ።